የደህና ሰው ለቅሶ

ከደሴ የወጣሁት በማለዳ ነው። መናኸሪያው ገና በጉም እንደተሸፈነ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት ጣሪያው ላይ ቆሞ ሻንጣዬን ሲጎትት፣ አባቴ ከሥር ሆኖ «ቀስ አድርገው፣ አሜሪካ የሚሄድ ነው» ይለዋል። ሻንጣው ከዚያ በፊት ከወልዲያ አልፎ አያውቅም፤ ጡረታ ከወጡ አንድ አስተማሪ የተዋስነው ነበር። ረዳቱ ግን አሜሪካ የሚለውን ሲሰማ ከዶሮ ቅርጫቱ አጠገብ አንሥቶ ከፊት አሰረው። ያን ያህል ክብር ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በደረስኩበት ሁሉ ሻንጣዬን የሚፈትሽ እንጂ የሚያከብር አላየሁም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ ሐኪሙም «ዳገት እንዳትወጣ» ብሎታል። ደሴን የምታውቁ ትስቃላችሁ፤ ደሴ ላይ ዳገት አትውጣ ማለት ከአልጋህ አትውረድ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ፣ ሳን ሆዜ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት እንድማር ተመርጬ፣ ልሂድ አልሂድ ስል ክረምቱን የጨረስኩት በሱ ምክንያት ነው። «እዚህ ቁጭ ብለሽ የምታድኚኝ ከሆነ ቅሪ፤» አለኝ አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ካልሆነ ሂጂ።»

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ወደ መስኮቴ ተጠጋ።

«የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤» አለ። «ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ይደብቁሻል። ከሱቄ በላይ ያለው ፋርማሲ ስልክ አለው። ስትደውዪ እኔው ራሴ እቀርባለሁ። ድምፄን ከሰማሽ ደህና ነኝ። ካልቀረብኩ ግን፣ ማንም ምንም ቢልሽ እወቂው።»

ራሱም በተናገረው የደነገጠ መሰለኝ፤ ወዲያው «ብርድ ካለ ደርቢ» አለና ወሬውን ቀየረ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ዞሬ ዞሬ አየሁት። ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ የፕሮግራሙ ቫን ጠበቀን። ከማዶ ኮረብታ ላይ ጉም ሲንከባለል አይቼ ልቤ ዘለለ፤ የደሴው ተራራ ጦሳ ተከትሎኝ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ሹፌሩን ስጠይቀው ዳሊ ሲቲ ነው አለኝ፤ እኛ ግን ወደዚያ አንሄድም፤ ወደ ሳን ሆዜ ነው። ሳን ሆዜ ስንደርስ ጉም የለም፣ ፀሐይ ብቻ። ከደሴ ወደ ቆላው ከሚሴ እንደ መውረድ ነው፤ የሚጎድለው ግመሉ ብቻ ነበር።

አቀባበሉን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እንደዚያ ዓይነት አቀባበል ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ከየአገሩ የመጣን ወደ አርባ የምንሆን ተማሪዎች አዳራሽ ገብተን፣ ፊኛ በየወንበሩ ታስሮልን፣ ስማችን ደረታችን ላይ ተለጥፎ፣ ሚስ ኬረን የምትባል የፕሮግራሙ ኃላፊ እጇን እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግታ ተቀበለችን። ደግ ሴት ናት፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ሐሜት እንዳይመስልብኝ። እያንዳንዳችን ተነሥተን የምንወደውን የአይስክሬም ዓይነት እንድንናገር አደረገችን። እንግዳን ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ከማን ወገን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ፣ አይስክሬም መጠየቅ መተዋወቂያ የሆነበት አገር መግባቴን ያኔ ነው የተረዳሁት። ቫኒላ አልኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ያለችው እሱን ስለነበረ።

ከዚያ ወረቀት ታደለን። መሬት ሲንቀጠቀጥ የት እንደምንገባ የሚነግር ወረቀት፤ ለብርድ፣ ለፀሐይ፣ ለሌባ፣ ለናፍቆት ወረቀት። የናፍቆቱ ላይ መስመር ተሥሎበታል፤ መስመሩ በመጀመሪያው ወር ሽቅብ ይወጣል፣ ሦስተኛው ወር ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያንሠራራል። «ሦስተኛው ወር ላይ ልታለቅሱ ትችላላችሁ፤» አለች ሚስ ኬረን። «ኖርማል ነው። እኛ እዚህ ነን።» እኔ ያለቀስኩት ግን በአራተኛው ቀን ነው፤ ያውም ፕሮግራሙ ራሱ ባዘጋጀልኝ ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስ ኬረን አገሬ ያለሁ ያህል እንዲሰማኝ ብላ፣ ኦክላንድ ለሚገኝ የአበሻ ማኅበር ደውላ «አንዲት ተማሪያችሁ መጥታለች፣ ተቀበሏት» ትላቸዋለች። ለኔ አልነገረችኝም፤ ሰርፕራይዝ እንዲሆን ነው። ማኅበሩ ደግሞ የሥራ ሰው ነው። ጋሽ መኮንን ኦክላንድ ታክሲ ይነዳሉ። እትዬ አስካለ ዩኒየን ሲቲ ውስጥ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ሌሊቱን አድረው ይወጣሉ። ኑሩ የሚባለው የወረኢሉ ሰው ሱቁን በሦስት ሰዓት ይከፍታል። ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ሰዓት ብቻ ተገኘ፦ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

በሬ ሲንኳኳ ተኝቼ ነበር። ከፈትኩ። የማላውቃቸው ሦስት አበሾች ቆመዋል። ታላቁ ሰውዬ ጥቁር ጃኬት ለብሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሴትየዋ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ነጠላቸውን ከብርዱ የተነሣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። ሦስተኛው ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ኋላ እንደተረዳሁት ጥቁሩ የታክሲ ጃኬት ነው፤ ዓይን ያቀላው እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ኑሩም አንገቱን የደፋው የጫማው ክር ተፈትቶበት ነው።

እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ። በኛ ሰፈር ሶላቱም ነጠላውም የጋራ ነው፤ ለቅሶ የትኛውም ቤት ቢሆን አብረን ነው የምንቀመጠው። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር አውቃለሁ። የሚመጡት ከሦስት አያንሱም፤ ታላቅ ሰው ይቀድማል። ቆመው አይናገሩም፤ መጀመሪያ ያስቀምጡሻል። በባዶ ሆድሽ እንዳይሆን እህል ቀምሰሽ እንደሆነ ይጠይቁሻል። ከዚያ ታላቁ ከሩቅ ይጀምራል። ግቡ አልኳቸው።

«ቁጭ በይ ልጄ፤» አሉኝ ታላቁ ሰውዬ። ተቀመጥኩ።

«እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ ሴትየዋ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ መኮንን ንግግር ይወዳሉ፤ ይኼን አሁን ኦክላንድ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ያኔ ከየት አውቄ። «እንግዲህ ልጄ፤» አሉ፣ «ሁላችንም በዚህች ዓለም ላይ እንግዶች ነን። ከወላጅ መለየት ከባድ ነው። ቢሆንም ፈጣሪ ሰውን ብቻውን አይተውም። እኛም ዛሬ በማለዳ ወዳንቺ የመጣነው…»

«አባን» ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ ያለውን እኔ ሙሉ በሙሉ አላስታውሰውም፤ የነገረኝ ኑሩ ነው። ወለሉ ላይ ወድቄ ደረቴን ስመታ፣ እትዬ አስካለ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አብረውኝ ወደቁ። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ቆሞ መጠየቅ በማን አገር ነው? ልጅቱ ወይ ትናንት ሰምታ ይሆናል፣ ወይ አሁን ስልክ ተደውሎላት ይሆናል፣ እንኳን ደረስንላት ብለው ነው። «አባቴ ልብስ ሰፊው» ስል «ልብስ ሰፊው» እያሉ ይቀበሉኛል። ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ። ኑሩም የሟች አባቱን አስታውሶ ተንሰቀሰቀ። እንዲህ ሆነን ሩብ ሰዓት ያህል በወግ አለቀስን። መጨረሻ ላይ ኑሩ ድፍረት አግኝቶ ጠየቀ።

«ይቅርታ እህቴ፤ ለመሆኑ አባትሽ መቼ ነው ያረፉት?»

«እናንተ ልትነግሩኝ አይደል የመጣችሁት?» አልኩት።

ጋሽ መኮንን ከግድግዳው ዞሩ። «እኛማ ዌልካም ልንልሽ ነው» አሉ። «ከኦፊሱ ኮል አድርገውልን።»

ልስቅ ይሁን ላልቅስ ሳልወስን በሩ ተከፈተ። የፎቁ ኃላፊ ተማሪ ጩኸቱን ሰምታ የግቢውን ጥበቃ ጠርታለች፤ ጥበቃው ሚስ ኬረንን ጠርቷል፤ ሚስ ኬረን በቅዳሜ ማለዳ የእንቅልፍ ሱሪዋ ላይ ኮት ደርባ እየሮጠች መጣች። ያየችው ወለል ላይ የተቀመጡ አራት ያለቀሱ አበሾችን ነው። አቀፈችኝ። «ስለ አባትሽ ሰማሁ፤» አለች። ከፎቁ ኃላፊ ነው የሰማችው፤ የፎቁ ኃላፊ ከኮሪደሩ። በእጇ የቤተሰብ ሞት የሚመዘገብበት ፎርም ነበረ። የቅዳሜ ማለዳ ሩጫ ላይ ፎርሙን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰኞ ዕለት ቢሮዋ ሄድኩ፣ ነገሩን ላስተካክል።

«አባቴ አልሞተም» አልኳት።

«ይገባኛል» አለችኝ፣ በጣም በቀስታ።

«የለም፣ በእውነት አልሞተም። ሰዎቹ የመጡት ሊቀበሉኝ ነው። አንቺ ነሽ የላክሻቸው።»

«ለመቀበል ጊዜ ይወስዳል። መካድ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ኖርማል ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «አነጋገርሽው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ምክንያቱም አላነጋገርኩትም። ቅዳሜውኑ ፋርማሲው ደውዬ ነበር፤ የፋርማሲው ባለቤት ይማም እናቴን ጠራልኝ፤ እናቴ «መስጊድ ሄዷል» አለችኝ። እሑድ ደወልኩ፤ «ተኝቷል»። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ፤ «ሰው ሊጠይቅ ሄዷል»። ዳገት የተከለከለ ሰው ደሴ ላይ ማንን ሊጠይቅ ይሄዳል?

«መስጊድ ሄዷል አሉኝ» አልኳት ሚስ ኬረንን። ዓይኗ እንባ ሞላና የሶፍት ሳጥኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ያን ሶፍት ሳይ እሷ ተሳስታለች፣ እኔ ትክክል ነኝ ማለት አልቻልኩም። የአባቴን ቃል እሷ አታውቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ በደግነት ነው ያደረጉት። ክፍሌ በር ላይ አበባ ተቀመጠ። አርባው ተማሪ የፈረመበት የሐዘን ካርድ መጣ፤ በየቋንቋው፣ ስለማያውቁት ልብስ ሰፊ። መምህራኑ የቤት ሥራዬን ቀን አራዘሙልኝ። አንድ አማካሪ ጠርቶኝ አባቴ በሕይወት ቢኖር ምን እንደምለው ደብዳቤ እንድጽፍለት መከረኝ፤ በሕይወት አለ ስለው በጣም ጥሩ፣ እንደዚያ ብለሽ ጀምሪ አለኝ።

ሦስቱን አበሾች እየደወልኩ አስጨነቅኋቸው፤ እናንተ የሰማችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ እያልኩ። ጋሽ መኮንን «ማርያምን፣ ምንም አልሰማሁም» ብለው ማሉልኝ። ኑሩ «ወላሂ» አለ። እትዬ አስካለ ግን ጴንጤ ናቸው፣ አይምሉም፤ «ጌታ ያውቃል የኔ ልጅ» ብቻ አሉኝ። ሁለቱ ምለው ያጽናኑኝን የእሳቸው አለመማል አፈረሰው። አብሬያቸው ያለቀስኩት ሰው ለምን አይምሉልኝም ብዬ ክፉኛ አዘንኩባቸው።

ከለቅሶው በአሥረኛው ቀን ደወልኩ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ደሴ ሊመሽ ሲል። ይማም ስልኩን አንሥቶ «ያዢ» አለኝ። የሰው ጫጫታ፣ የወንበር መንቀጫቀጭ ሰማሁ። ከዚያ ሳል። ሳሉን አወቅሁት።

«ይኼን ያህል ትቸኩያለሽ?» አለ አባቴ።

ማልቀሴን ሲሰማ የሆነውን ነገረኝ። እግሩ አብጦበት ዳገቱን መውጣት አልቻለም ነበር፤ እናቴ እንዳልሰጋ ብላ መስጊድ ትልከዋለች። መጨረሻ ላይ አራት ጎረቤቶች በስፌት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተሸክመው ፋርማሲው አደረሱት። «መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አስከሬን መስሎት ተነሥቶ ቆመልኝ፤» አለ። «እጄን እያወዛወዝኩ ሰላም ስላቸው ሁለቱ ሮጡ።»

እኔም የራሴን ነገርኩት፤ ስለ ጥቁሩ ጃኬት፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ፎርሙ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ።

«ማን ነው ይበልጥ ያለቀሰው?» አለኝ።

«እትዬ አስካለ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ዓይቶኝ ለማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አመስግኚልኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «በይ እንግዲህ፣ አንዴ በወጉ ተለቅሶልኛል። ሁለተኛ እንዳታለቅሺ።»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በወንበር እየመጣ አነጋገረኝ። ይማም ስልኩን ሲያነሣ «ሬሳው ደርሷል፣ ያዢ» ይለኝ ጀመር። ሚስ ኬረንን አንድ ቀን በስልክ አገናኘኋቸው፤ አባቴ የሚያውቃትን ብቸኛ የእንግሊዝኛ ቃል «ሄሎ» አላት። አለቀሰች። ፎርሙ ግን ወደ ሌላ ቢሮ ስላለፈ ማስተካከል አልተቻለም፤ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ አባቴ እንደሞተ ቀረ።

ማኅበሩም ከስሕተቱ ተማረ። ኦክላንድ፣ አፕታውን የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለች ቤት ስብሰባ ተጠራና ተማሪ የምንቀበልበት ደንብ ወጣ። ከቀትር በኋላ ብቻ ይኬዳል። ጥቁር አይለበስም። የነጠላ ጥለት ወደ ታች ይሁን። በር ላይ ሳቅ ይቅደም፣ ጋሽ መኮንንም ንግግር አያድርጉ። የመጨረሻው አንቀጽ ብዙ አከራከረ፤ ግን በድምፅ ብልጫ አለፈ። በጥር አንድ የአዳማ ልጅ ሲመጣ በደንቡ መሠረት በደማቅ ልብስ እየሳቅን ሄድን። ወንጌል ሰባኪዎች መስለነው በሩን ዘጋብን።

ከዚያ ሚያዝያ መጣ። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሳን ሆዜ አበባ በአበባ በሆነችበት ሰሞን፣ በሬ ተንኳኳ። ከበሩ ማዶ ሳቅ ይሰማል። ከፈትኩ። ጋሽ መኮንን ቀይ አበባ ያለበት ክራቫት አስረዋል። እትዬ አስካለ ነጠላቸው እንደ ሠርግ ቤት ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል። ኑሩ ዳቦ ይዟል።

ደስ አለኝ። ሻይ አፈላሁ። «እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ እትዬ አስካለ፤ በልቻለሁ አልኩ። ኑሩ ሱቁ ስለገባ አንድ ደንበኛ ቀልድ ነገረን፤ ቀልዱ ከሚገባው በላይ ተሳቀለት፣ እኔም ሳቅሁ። ጋሽ መኮንን ግን ምንም አልተናገሩም። ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን የመሬት መንቀጥቀጥ ወረቀት ደጋግመው አነበቡት። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እትዬ አስካለ አዩዋቸውና ተዉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ «ሺፍቴ ደረሰ» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ አቅፈውኝ ቆዩ፣ ከተለመደው በላይ ቆዩ።

መስኮቴ መኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ታክሲው አጠገብ ቆሙ፤ በሩን የሚከፍት የለም። ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱ። ኑሩ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደገፈ። እትዬ አስካለም ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት።

በማግስቱ ሰኞ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ይማም አነሣ፤ ቀልዱን አልነገረኝም፤ «ያዢ እህቴ» አለ። ጫጫታ ጠበቅሁ፣ የወንበር ድምፅ ጠበቅሁ። እናቴ ናት የመጣችው። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እማ፣ አባስ?»

«መስጊድ ሄዷል» አለችኝ።

እንዳላለቅስ ነግሮኛል። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሷ እዚያ ሆና ለእኔ ብላ የያዘችውን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ላስለቅቃት አልፈለግሁም።

«እሺ እማ፤» አልኳት። «ሲመለስ ሰላም በዪልኝ።»

«እላለሁ» አለች። «ብርድ ካለ ደርቢ ብሎሻል።»